በ«አመመ» እና በ«እባባ» መካከል

«አበበ በሶ በላ» ውስጥ አንድም የአፍንጫ ድምፅ የለም። ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሚያውቃት ይህች ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአፍ ብቻ ትወጣለች። ተከታይዋ «ጫላ ጩቤ ጨበጠ»ም እንደዚያው ናት። በአማርኛ አየር በአፍንጫ እንዲወጣ የሚፈልጉት ም፣ ን እና ኝ ብቻ ሲሆኑ፣ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሦስቱም አይገኙም። ስለዚህ ልጁ «አበበ በሶ በላ» ሲል ጆሯችን «አመመ መሶ መላ» የሚመስል ነገር ከሰማ፣ ምላሱን ከመውቀስ በፊት ከላንቃው ጀርባ ያለውን በር መጠርጠር ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ በርና በሩን ስለሚያጠበው ቀዶ ጥገና ነው፤ በተለይ የ22 ኪው 11.2 ጉድለት የሚባል የክሮሞዞም ችግር ይዘው ስለተወለዱ ልጆች።

ጥርጣሬውን ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። የልጁን አፍንጫ በሁለት ጣት ጭምቅ አድርጎ ይዞ ያንኑ እንደገና ማስባል። «አመመ» ወደ «አበበ» ከተጠጋ፣ ቅድም አየሩ በአፍንጫ እያመለጠ ነበር። ሁለተኛው መንገድ መስታወት ነው፦ «ካሳ ደብተር ገዛ» እያለ ትንሽ ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫው ቀዳዳ ሥር መያዝ። ጭጋግ ከያዘ ያፈሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። መስታወቱ ልጁ መናገር ከጀመረ በኋላ ገብቶ ሳይጨርስ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ተራ ትንፋሹ ያጨልመውና ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ እናደርገዋለን። «ኢ» እና «ኡ» ከ«ኣ» ይልቅ ችግሩን ቶሎ ያጋልጣሉ፤ ረዘም አድርጎ «ኢኢኢ» ማስባልም ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

በሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ለስላሳው ላንቃ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተነስቶ የጉሮሮውን የኋላ ግድግዳ ይነካል፤ የጎን ግድግዳዎቹም ወደ መሐል ይጠጋሉ። ላንቃውን የሚያነሳው ዋናው ጡንቻ ከግራና ከቀኝ ተንጠልጥሎ መሐል ላይ ይገናኛል፤ የዥዋዥዌ ገመድ ብላችሁ አስቡት። ብ፣ ድ፣ ስ፣ ሽ፣ ት፣ ክ ለማለት አፍ ውስጥ ግፊት መጠራቀም አለበት፤ በሩ ካልገጠመ ግፊቱ ይተነፍሳል። ከ20 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ በላይ የሆነ ክፍተት ንግግርን በግልጽ እንደሚያበላሽ ከተለካ ቆይቷል። 20 ካሬ ሚሊሜትር ማለት 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ሽምብራ እንኳ አያሳልፍም። የዚህ ቀዶ ጥገና ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ቁጥር ነው።

ሰው ስለዚህ ችግር ሲሰማ ቶሎ የሚመጣለት የላንቃ መሰንጠቅ ነው። እዚህ የማወራላቸው ልጆች ግን አብዛኞቹ አፋቸው ተከፍቶ ሲታይ ላንቃቸው ሙሉ ነው። 22ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ 22 ኪው 11.2 በሚባለው ቦታ፣ አንድ ቁራጭ ይጎድላቸዋል፤ በአብዛኛው ሦስት ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት። ከ2,000 እስከ 4,000 ሕፃናት አንዱ ይኖረዋል ተብሎ ይገመታል። ከአሥሩ በዘጠኙ ጉድለቱ ከወላጅ አልመጣም፤ አዲስ ነው። ወላጁ ራሱ ካለበት ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ስሞቹ ብዙ ናቸው፦ በ1955 ኤቫ ሴድላችኮቫ ፕራግ ላይ በአፍንጫ ከሚናገሩ ልጆች ተነስታ ገለጸችው፤ በ1965 አንጀሎ ዲጆርጅ አሜሪካ ውስጥ ከቲመስ ዕጢና ከካልሲየም ጉድለት በኩል ደረሰበት፤ በ1978 ሮበርት ሽፕሪንትዘን ከላንቃ፣ ከልብና ከፊት ጋር አያይዞ ሌላ ስም ሰጠው። ዝሆን እንደዳሰሱት የተረት ዓይነ ስውሮች ሁሉም አንድ አንድ ጎን ይዘው ነበር። ዛሬ በጥቅሉ የ22 ኪው 11.2 ጉድለት ሲንድረም ይባላል።

ለእኛ ሰው መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። በመጻሕፍት የተሳለው የእነዚህ ልጆች መልክ፣ ማለትም ረዘም ያለ ፊት፣ ጠባብ የዓይን ክፍተት፣ አነስተኛ ጆሮ፣ በአብዛኛው የተወሰደው ከአውሮፓ ዝርያ ልጆች ነው። በአፍሪካ ዝርያ ልጆች ላይ መልኩ ያን ያህል አይጎላም፤ ስለዚህ ፊት አይቶ «የለበትም» ማለት አያዋጣም። ይልቅ ታሪኩን መጠየቅ ነው። ጨቅላ ሳለ ወተት በአፍንጫው ይመለስ ነበር? ልቡ ላይ ተፈጥሯዊ ችግር ተገኝቷል? በካልሲየም ማነስ አንቀጥቅጦት ያውቃል? ጆሮውና ደረቱ ይመላለስበታል? አፉን የፈታው በጣም ዘግይቶ ነው? እነዚህ ሲደራረቡ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ተራው የክሮሞዞም ቆጠራ ይህን ጉድለት ሊያልፈው ይችላል፤ ፊሽ፣ ኤምኤልፒኤ ወይም ማይክሮአሬይ የተባሉት ምርመራዎች ናቸው የሚይዙት። «ክሮሞዞሙ ታይቶ ደህና ነው ተብለናል» የሚል ቤተሰብ የትኛው ምርመራ እንደተሠራ ወረቀቱን ቢያይ ይሻላል።

ሌላው የአገራችን ጉዳይ እንጥል ነው። ላንቃው ከላይ በስሱ ሽፋን ተሸፍኖ ጡንቻው ከውስጥ የተሰነጠቀ ልጅ አለ። ይህን ድብቅ ስንጥቅ ከሚያጋልጡት ምልክቶች ቀዳሚው ለሁለት የተከፈለ እንጥል ነው፤ ከዚያ በላንቃው መሐል በባትሪ ብርሃን ሰማያዊ የሚመስል ስስ መስመር፣ ቀጥሎም በጣት ሲዳሰስ ከጠንካራው ላንቃ ጫፍ ላይ የሚገኝ ትንሽ ጎድጓዳ። በልጅነቱ እንጥሉ በባህላዊ መንገድ ከተቆረጠ የመጀመሪያው ምልክት አብሮ ይጠፋል። ሐኪሙ እንጥል የሌለው ጉሮሮ ያያል፣ የቀረውን ሳይዳስስ ያልፋል። በዚያ ላይ በዚህ ሲንድረም ውስጥ ጉሮሮን በስለት መንካት ከሌላው ልጅ የበለጠ አደጋ አለው፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። «ጉሮሮው ስለሚያመው እንጥሉን እናስቆርጠው» የሚል ዘመድ ካለ፣ መልሱ አይሆንም ነው።

ላንቃው ሙሉ ሆኖ በሩ ለምን አይገጥምም? ብዙ ምክንያት በአንድ ላይ ይመጣል። የራስ ቅሉ ወለል ጠፍጣፋ ስለሚሆን የጉሮሮው የኋላ ግድግዳ ይርቃል፤ ላንቃው የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል። ላንቃው አጭር ሊሆን ይችላል። የሚያነሳው ጡንቻ ቀጭንና ልፍስፍስ ነው፤ አንዳንዴ አንዱ ጎን ከሌላው ይደክማል። አዴኖይዱ፣ ማለትም ከአፍንጫ ጀርባ የኋላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥጋ፣ አነስተኛ ነው። አዴኖይድ በሌላ ልጅ ላይ የማንኮራፋት ምክንያት ነው፤ እዚህ ግን ለአጭሩ ላንቃ እንደ ትራስ ሆኖ ርቀቱን ያሳጥርለታል። ተደጋግሞ የሚደርሰው ጥፋትም ከዚህ ይመጣል። ልጁ ጆሮው ይመግላል፣ አዴኖይዱ ይወጣል፣ በማግስቱ ድምፁ ወደ አፍንጫው ይሄዳል፤ ከወራት በኋላም አይመለስም። ይህ ሲንድረም ያለበት ልጅ አዴኖይድ ያለ ብርቱ ምክንያት አይነካም፤ መነካት ካለበትም የላይኛው ክፍል ብቻ ተነስቶ ላንቃው የሚያርፍበት የታችኛው ይተዋል።

በሩ ሳይገጥም ንግግር የለመደ ልጅ ዘዴ ይፈጥራል። ግፊቱ አፍ ውስጥ ካልተያዘለት ከታች፣ ማንቁርቱ ላይ ይይዘዋል፤ የድምፅ አውታሮቹን ገጭ አድርጎ ዘግቶ ይለቃል። «ጫላ ጩቤ ጨበጠ» የሚለው «ኣላ ኡቤ ኣበኣ» ሆኖ ይወጣል። ይህ ልማድ በ22 ኪው ልጆች ዘንድ በጣም የበዛ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ውስብስብ አለው፦ ጥ፣ ጭ፣ ጵ፣ ጽ፣ ቅ በተፈጥሯቸው ማንቁርት ተዘግቶ አፍ ውስጥ ያለው አየር ተጨምቆ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። በአንዳንድ አካባቢ አነጋገር ደግሞ ጤነኛ ሰውም ቅን ወደ ማንቁርት ይወስዳታል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ የሚያድግ፣ ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተፈተነ ምርመራው ግማሽ ነው። የንግግር ቴራፒስቷ ጤነኛውን «ጥ» ጥፋት ልትለው፣ ጥፋቱንም «የቋንቋቸው ነው» ብላ ልታልፈው ትችላለች። ወላጅ የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮቹን ጽፎ፣ ትክክለኛውን አነጋገር በሌላ ልጅ ድምፅ ቀድቶ ቢሄድ ትልቅ እገዛ ነው።

ይህ ልማድ ለቀዶ ጥገናው ውሳኔም ወሳኝ ነው። ድምፁን ሁሉ ማንቁርቱ ላይ የሚሠራ ልጅ ላንቃውን የሚጠራበት ምክንያት ስለሌለው አያነሳውም። ካሜራ ሲገባ ትልቅ ጨለማ ጉድጓድ ይታያል፤ ክፍተቱ ከእውነተኛው በላይ ሰፍቶ ይነበባል። ስለዚህ ጥሩ ቡድን ከምርመራው በፊት ጥቂት ወራት የንግግር ቴራፒ ያሠራዋል፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ድምፆችን፣ ለምሳሌ ብ እና ስን፣ በትክክለኛው ቦታ ማውጣት እስኪችል። ከዚያ በኋላ የጎን ግድግዳዎቹ ቅድም ያልታየ እንቅስቃሴ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ የቀዶ ጥገናው ዓይነትም ሊቀየር ይችላል። በሦስት ዓመቱ ገና ጥቂት ቃል ያለውን ልጅ ለማረም መቸኮል ትርፍ የለውም። አብዛኛው የሚሠራው ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ልጁ ዓረፍተ ነገር ደግሞ መናገርና ምርመራውን መቻል ሲጀምር ነው።

ምርመራው በአፍንጫ የሚገባ፣ 3 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ተጣጣፊ ካሜራ ነው። አፍንጫው በሚያደነዝዝና በሚከፍት መድኃኒት ይረጫል፤ ካሜራው ከላይ ሆኖ በሩን ቁልቁል ያያል፤ ልጁ «አበበ በሶ በላ»ን ይደግማል። ሲውጥ ወይም ሲያለቅስ መታየቱ አይበቃም፤ መዋጥ የሚዘጋው በሌላ ኃይል ነው፤ ደህና የሚውጥ ልጅ ሲናገር ሊያፈስ ይችላል። የሚመዘገቡት አራት ነገሮች ናቸው፦ ላንቃው ምን ያህል ይነሳል፣ የግራና የቀኝ ግድግዳ እያንዳንዳቸው ምን ያህል ወደ መሐል ይመጣሉ፣ የሚቀረው ክፍተት ቅርጹና ቦታው፣ የኋላ ግድግዳው ላይ የሚመታ ነገር አለ ወይ።

የሚመታው ነገር ካሮቲድ ነው፤ ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ። በሌላ ሰው ከጉሮሮው ግድግዳ ራቅ ብሎ በጎን ያልፋል። በዚህ ሲንድረም ግን ወደ መሐል የተጠጋ፣ አንዳንዴም ከኋላ ግድግዳው ሥጋ ሥር የተጋደመ ካሮቲድ ብርቅ አይደለም። ቀዶ ጥገናው የሚቆርጠው ደግሞ በትክክል ያንን ግድግዳ ነው። በኤምአርአይ ወይም በሲቲ የአንገቱን ደም ሥሮች አስቀድሞ ማየት ብዙ ማዕከላት የሚያደርጉት ነው፤ አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች በካሜራና በጣት ዳሰሳ ይበቃል ይላሉ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። ካሮቲዱ መሐል ገባ ማለት ግን ቀዶ ጥገናው አይሠራም ማለት አይደለም፤ ፍላፑ፣ ማለትም ከኋላ ግድግዳው ተነስቶ ላንቃው ላይ የሚሰፋው ሥጋ፣ ይጠባል፣ ወደ አንድ ጎን ይዛወራል፣ ወይም ግድግዳውን የማይነካ ሌላ ዘዴ ይመረጣል። ለባህላዊ ቆራጭ ይህን ካርታ የሚያሳየው የለም።

ከጉሮሮው ውጭ ያለው ዝግጅት ረዥም ነው፤ አንዱም አይዘለልም። ልብ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ይታያል፣ የልብ ሐኪሙ በጽሑፍ ይፈቅዳል። ካልሲየም ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ በመሐልና በኋላ ይለካል፤ ካልሲየምን የሚቆጣጠረው የፓራታይሮይድ ዕጢው ደካማ የሆነ ልጅ በተራው ቀን ደህና ሆኖ በቀዶ ጥገና ጭንቀት ካልሲየሙ ሊወርድና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ማግኒዥየምና ታይሮይድም ይታያሉ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ይቆጠራል፤ እነዚህ ልጆች ቁጥሩ ዝቅ፣ መጠኑ ተለቅ ያለ ፕላትሌት ስላላቸው የመድማት ዝንባሌ ሊኖራቸው ይችላል። በሽታ የሚከላከለው የቲ ሕዋስ ድክመቱ ያልተጣራለት ልጅ ደም ቢያስፈልገው በጨረር የታከመ ደም ነው የሚሰጠው፤ ይህን ለደም ባንኩ ቀድሞ መንገር እንጂ ደም ሲፈስ መሯሯጥ አይደለም። የአንገት አጥንቶቹ በራጅ ይታያሉ፤ በቀዶ ጥገናው ጊዜ አንገቱ ወደ ኋላ ይዘረጋልና። ማደንዘዣ ሰጪው ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦው ከዕድሜው በታች ጠባብ ሊሆን እንደሚችል አስቦ አነስ ያሉ ቱቦዎችን ያዘጋጃል።

ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፉ። ልጁ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሌሊት ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ በሩን ማጥበብ ነገሩን ያባብሰዋል። የእንቅልፍ ምርመራ ማድረግ ነው፤ ቶንሲሉ ትልቅ ከሆነ ቀድሞ ይወጣና ሁለት ሦስት ወር ተጠብቆ ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ወደ ዋናው ይኬዳል።

ዘዴዎቹን የሚለያቸው ክፍተቱ ነው። ድብቅ ስንጥቅ ካለና የሚቀረው ክፍተት ጥቂት ሚሊሜትር ከሆነ የፈርሎው ዘዴ ይመጣል፤ ሊዮናርድ ፈርሎው በ1986 ያሳተመው ነው። ላንቃው በአፍ በኩልና በአፍንጫ በኩል በተቃራኒ አቅጣጫ በዜድ ቅርጽ ተቆርጦ ይለዋወጣል፤ ላንቃው ይረዝማል፣ በርዝመቱ የተጋደመው ጡንቻም ተዞሮ መሐል ላይ ይገናኛል። ትንፋሽን እምብዛም አይዘጋም፤ ለዚህ ነው ብዙዎች ከእሱ መጀመርን የሚወዱት። በ22 ኪው ልጆች ግን የተዞረው ጡንቻ ራሱ ደካማ ስለሆነ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከጉንጭ ውስጠኛ ሥጋ ወስዶ ላንቃውን ማስረዘምም አለ፤ የምራቅ ቱቦው የሚከፈትበትን ቦታ ከፍ አድርጎ ትቶ መቁረጥ፣ ልጁም ከኋላ ጥርሱ ጋር የሚያልፈውን የሥጋ ድልድይ እንዳይነክሰው መጠንቀቅ ይጠይቃል። በኋላ ግድግዳ ላይ የራስን ስብ መወጋት ለጥቃቅን ክፍተት ነው፤ ስቡ ከፊሉ ስለሚመጠጥ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ካሮቲድ መሐል ባለበት ደግሞ መርፌ ማስገባት ድፍረት ነው። ሌላው ከቶንሲሎቹ ጀርባ ያሉትን ሁለት የሥጋ ምሰሶዎች ነቅሎ በማዞር የኋላ ግድግዳው ላይ እንደ ቀለበት ማገናኘት ነው። ይህ ቀለበት ከወደቀ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ስለተሰፋ ነው፤ ላንቃው ለመዝጋት የሚሞክርበት ከፍታ ላይ መድረስ ነበረበት።

ክፍተቱ ሰፊ፣ ላንቃው የማይንቀሳቀስ ሲሆን ግን ወደ ጉሮሮ ፍላፕ ይኬዳል። ልጁ በጀርባው ተኝቶ ትከሻው ሥር ጥቅል ጨርቅ ይደረጋል፣ አፉ በብረት መክፈቻ ይያዛል። ቀዶ ሐኪሙ ከመቁረጡ በፊት የኋላ ግድግዳውን በጣቱ ይዳስሳል፤ ኤምአርአዩ ያሳየውን ትርታ በጣቱ ያረጋግጣል። አድሬናሊን ያለበት ማደንዘዣ ይወጋና ግድግዳው በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይቆረጣል፤ ከታች ይገናኛሉ፣ ከላይ ግን አይቆረጥም። ሥጋው ከጡንቻው ጋር ከአከርካሪው ፊት ካለው ነጭ ሽፋን ላይ ተላቅቆ ወደ ላይ ይነሳል። ላንቃው መሐሉ ላይ ይከፈትና የፍላፑ ጫፍ እዚያ ይሰፋል። እንግዲህ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው መንገድ መሐሉ በሥጋ ድልድይ ተይዟል፤ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ይቀራሉ። በሁለቱም በኩል ከ3.5 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ አስገብቶ በዚያ ልክ መስፋት የተለመደ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ? 20 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ።

የፍላፑ ጀርባ ጥሬ ሥጋ ነው። ሳይሸፈን ከተተወ ሲድን እየተሸበሸበ እንደ ገመድ ይቀጥናል፤ በቀዶ ጥገናው ቀን ልክ የነበሩት መስኮቶች በስድስት ወራቸው ይሰፋሉ። ስለዚህ ከላንቃው የአፍንጫ በኩል ሽፋን ተወስዶ በጥሬው ላይ ይለብሳል። ይህች ሽፋን ናት ብዙ ጊዜ ጥሩውን ፍላፕ ከመጥፎው የምትለየው።

ችግሩ መስኮቶቹ ላይ ነው። በሌላ ልጅ መስኮቶቹ ሰፋ ተደርገው ይተዋሉ፤ ሲናገር የጎን ግድግዳዎቹ መጥተው ይዘጓቸዋል፣ ሲተነፍስ ይከፈታሉ። በ22 ኪው ልጅ ግድግዳዎቹ አይመጡም ወይም ግማሽ መንገድ ቀርተው ይመለሳሉ። ሰፊ መስኮት ከተተወ ልጁ «አመመ መሶ መላ» ማለቱን ይቀጥላል። ጠባብ ከተደረገ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ጠባብ ነው። ከልክ ያለፈ ጥበት በንግግሩ ይታወቃል፦ ም ወደ ብ፣ ን ወደ ድ ይሄዳሉ፤ «እማማን ምን አመማት» ሲል ጉንፋን እንደያዘው ሰው «እባባድ ብድ አበባት» ይሆናል። አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ይቆማል። ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው በእነዚህ ሁለት ጥፋቶች መካከል ነው፤ ያለው ቦታም ሚሊሜትር ነው። ለዚህ ነው በዚህ ሲንድረም ውጤቱ ከሌሎቹ ልጆች ያነሰ፣ ድጋሚ የሚሠራላቸውም የበዙ የሆኑት። ቤተሰቡ ይህን ከመጀመሪያው ቢሰማው ሁለተኛው ቀዶ ጥገና እንደ ውድቀት አይቆጠርም።

የመጀመሪያው ሌሊት አደገኛው ነው። ምላስና ጉሮሮ ከብረቱ ግፊት ያብጣሉ፤ ልጁ የደሙ ኦክስጅን በማሽን እየታየ ያድራል፤ አንዳንዴ በአፍንጫው የተተወ ለስላሳ ቱቦ ትንፋሹን ይጠብቅለታል። ለሕመም ፓራሲታሞል መሠረቱ ነው፤ ከሞርፊን ዘር የሆኑት ትንፋሽ ስለሚያዘገዩ በጥቂቱና በክትትል፤ ኮዴይን ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ጨርሶ አይሰጥም። አንገቱን አዞሮ መያዝ ከጥቂት ቀናት በላይ ከቆየ ወይም ከባሰበት ሐኪም ይየው፤ ከጉሮሮ ቁስል የተነሳ የላይኛው የአንገት አጥንት መንሸራተት እምብዛም ባይሆንም አለ። ደም በመጀመሪያው ቀን፣ ቀጥሎም በሳምንቱ ገደማ ሊመጣ ይችላል፤ ትኩስ ደም የተፋ ልጅ ቤት ውስጥ አይጠበቅም።

ምግቡ ለሁለት ሦስት ሳምንት ፈሳሽና ልስልስ ነው። ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ የቀጠነ ገንፎ፣ የተፈጨ ሙዝ፣ እርጎ። አበበም በሶውን በጥብጦ ሊጠጣ ይችላል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ በርበሬ ይቆዩ። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ጥቂት ውኃ ይጉመጥመጥ።

ድምፁ በሳምንቱ ምን እንደሚመስል አትፍረዱ። እብጠቱ መስኮቶቹን ስለሚያጠብ መጀመሪያ የታፈነ ይመስላል፤ ማንኮራፋቱም ለሳምንታት ይቀጥላል። የንግግሩ እውነተኛ ምዘና ከሦስት ወር በኋላ ይጀምራል፤ የእንቅልፍ ምርመራው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ይደገማል። ማንኮራፋቱ ያልቀነሰ፣ ቀን የሚያንቀላፋ ወይም ክፍል ውስጥ የሚቅበጠበጥ ልጅ ካለ ቀጠሮው መፋጠን አለበት።

ቀዶ ጥገናው በሩን ያስተካክላል፤ ማንቁርቱ የለመደውን አያስረሳውም። ፊኛ መንፋት፣ በስትሮ መምጠጥ፣ ሻማ ማጥፋት ላንቃን አያጠነክርም፤ ለመንፋት የሚዘጋው በር ለመናገር ከሚዘጋው ይለያል። ቤተሰቦች በዚህ ወራት ሲያባክኑ ማየት ያሳዝናል። የሚሠራው ድምፅ ማውጣት ራሱ ነው። ማንቁርቱ ሳይዘጋ አየር እንዲያልፍ ከረዥም «ህህህ» ተነስቶ ወደ «ስስስ» መሸጋገር፤ አፍንጫውን ለአፍታ ይዞ ግፊቱ አፉ ውስጥ ሲመጣ እንዲሰማው ማድረግ፣ ከዚያ መልቀቅ፤ ከድምፅ ወደ ክፍለ ቃል፣ ወደ ቃል፣ ወደ ዓረፍተ ነገር። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ከዚያ ብ፣ ት፣ ክ። ጥ፣ ጭ፣ ቅ መጨረሻ ይምጡ፤ እነሱ ማንቁርቱን ስለሚዘጉ ቀድሞ ማስተማር ያንኑ የቆየ ልማድ እንደመጥራት ነው። በቀን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ከሳምንታዊው አንድ ሰዓት ይበልጣል። ልጁ በትምህርት ቀስ የሚል ሊሆን ይችላልና መደጋገሙ ይርዘም፤ ቃላቱም ከቤቱ ይሁኑ፦ ዳቦ፣ አባባ፣ ሻይ፣ ሰዓት።

ፍላፑ ከተሠራ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአፍንጫ የሚገባ ማንኛውም ቱቦ፣ ለምግብም ለማደንዘዣም፣ ድልድዩን ሊቀድ ይችላል። ከዓመታት በኋላ የመንጋጋ ጥርሱን ለማስነቀል ማደንዘዣ የሚወስደው ወጣት ጉሮሮው ውስጥ ምን እንዳለ ላያስታውስ ይችላል፤ ማደንዘዣ ሰጪውም ከውጭ አያየውም። በሕክምና ወረቀቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከካልሲየሙና በጨረር ከታከመው ደም ማሳሰቢያ ጎን ይጻፍ፦ «የጉሮሮ ፍላፕ አለው፤ በአፍንጫ ቱቦ ሳይታይ አይግባ።» አንድ ቅጂ ቦርሳው ውስጥ፣ አንድ ቅጂ እናቱ ዘንድ።